ለጎረቤላ ገበያ የሚበቃ ስልክ፡- የኤሌክትሮኒክስ አምራቾችና የትዕግሥት ኢንቨስትመንት

ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ከምትገኘው ደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አንኮበር የሚያመራ መንገደኛ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ጎረቤላን ያገኛል። ይህች በተራራ ጫፍ የተቆረቆረች ደጋማ ከተማ ገብስ፣ ባቄላና በግ ይዘው ከየቀበሌው የሚወጡ አርሶ አደሮች የሚገናኙባት የገበያ ስፍራ ናት።

እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ በዚህችም ከተማ የሞባይል ስልክ ከጨው፣ ከሳሙናና ከልብስ ጎን ለጎን የሚሸጥ ተራ ሸቀጥ ሆኗል። አገልግሎቱ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ግን ስልኩም ሲም ካርዱም የጥቂት ነጋዴዎችና የመንግሥት ኃላፊዎች መገልገያ እንደነበር ይታወሳል።

ዛሬ ጉዳዩ የመነጋገሪያ መሣሪያ የማግኘትና ያለማግኘት ብቻ አይደለም። ቴሌ ብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክና መቀበል፣ ክፍያ መፈጸምና አነስተኛ ብድር ማግኘት በስልክ የሚከናወን ሆኗል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም በየመሥሪያ ቤቱ አገልግሎት ለማግኘት የሚጠየቅበት ሁኔታ እየሰፋ መጥቷል። መንግሥት አገልግሎቱን ወደ ዲጂታል ሥርዓት ባሸጋገረ ቁጥር ተስማሚ ስልክ የሌለው ዜጋ ከአገልግሎቱ የመራቁ ሥጋት አብሮ ያድጋል።

በመሆኑም «ለጎረቤላ ገዥ የሚስማማውን ስልክ ማን ያመርተዋል? በምን ዋጋ? በስንት ዓመት ጥረት?» የሚለው ጥያቄ የንግድ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ሠራተኛውንና የሥራ ኃላፊውን በቀጥታ የሚመለከት የፖሊሲ ጥያቄ ነው። መልሱም በአብዛኛው የሚያጠነጥነው ትዕግሥት የተሞላበት ኢንቨስትመንት በሚባለው ጉዳይ ላይ ነው።

የትዕግሥት ኢንቨስትመንት ሲባል ባለሀብቱ ትርፉን በአንድና በሁለት ዓመት ሳይሆን በዐሥርና ከዚያ በላይ በሆኑ ዓመታት አስቦ፣ በመጀመሪያው ዘመን የሚደርስበትን ኪሳራ ወይም አነስተኛ ገቢ ችሎ፣ ገበያውን እያጠናና እየገነባ የሚጓዝበት አካሄድ ነው። ገንዘብን አስቀምጦ ከመጠበቅ ጋር ግን አንድ አይደለም። በየደረጃው አዲስ ሙያና አዲስ አቅም የማይታከልበት ትዕግሥት ቆሞ ከመቅረት አይለይም።

በአገራችን ለዚህ ቅርብ ማሳያ የሚሆነው ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ በሚባሉ የስልክ ዓይነቶቹ የሚታወቀው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ቀደም ሲል ለሌላ የቻይና ስልክ አምራች የአፍሪካን ገበያ ተዘዋውረው ባጠኑት በጁ ጃዎጂያንግ አማካይነት ነው። በዚያን ጊዜ እንደ ኖኪያና ሳምሰንግ ያሉ ትልልቅ አምራቾች የዓለምን ገበያ ተቆጣጥረውት ነበር። አዲሱ ኩባንያ በሰፊውና ሀብታም በሆነው ገበያ ከእነርሱ ጋር ከመጋፋት ይልቅ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ትኩረቱን በአፍሪካ ላይ አደረገ።

ኩባንያው ያተኮረው የመግዛት አቅሙ አነስተኛ የሆነውን ሸማች ችግር በዝርዝር በማወቅ ላይ ነበር። መብራት በሚቆራረጥበት ወይም ጨርሶ በሌለበት አካባቢ የሚኖር ሰው ለቀናት የሚቆይ ባትሪ ይፈልጋል። ከአንድ በላይ የቴሌኮም ድርጅት ባለበት አገር የሚኖር ደንበኛ የታሪፍ ልዩነቱን ለመጠቀም ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ስልክ ይመርጣል። የጠቆረ ገጽታን አጉልቶ የሚያሳይ ካሜራ፣ ድምፁ ከፍ ያለ ማጉያና ሬዲዮ፣ በስልኩ አናት ላይ የሚበራ መብራት የመሳሰሉት ሁሉ ከዚህ ጥናት የመነጩ ናቸው።

የአማርኛ ፊደል መጻፊያም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ቴክኖ የአማርኛ መጻፊያ ያለው ስልክ ለገበያ በማቅረብ ቀዳሚ ከሆኑት መካከል ይጠቀሳል። በላቲን ፊደል «ሰላም ነው» ብሎ ለመጻፍ ይቸገር ለነበረው የገጠር ተጠቃሚ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ትልልቆቹ አምራቾች ትርፉ አነስተኛ ነው ብለው ያለፉት ሥራ ለአዲሱ ገቢ የገበያ በር ከፍቶለታል።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ካርልኬር የተሰኘውን የድኅረ ሽያጭ ጥገና አገልግሎት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በኢትዮጵያ የስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ፤ በኋላም ሥራውን ወደ አዲስ አበባው የአይ ሲ ቲ ፓርክ አስፋፋ። በዚያን ወቅት በአገሪቱ አንድ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ ብቻ የነበረ ሲሆን የሞባይል ደንበኛው ቁጥርም ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነበር። በዚያው ዓመት ገበያ ብቻ ቢሰላ ፋብሪካ መትከል አዋጭ አይመስልም ነበር።

ከተመሠረተ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ትራንሽን በሽያጭ ብዛት በአፍሪካ ቀዳሚው የስልክ አቅራቢ ለመሆን በቃ። አክሲዮኑን በሻንጋይ የአክሲዮን ገበያ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ሲሆን ይህም ከምሥረታው 13 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በአንጻሩ የኢትዮጵያ ሚሌኒየም በተከበረበት ዘመን ስሙ ከሞባይል ስልክ ጋር አንድ ሆኖ ይጠራ የነበረው ኖኪያ የስልክ ንግዱን እ.ኤ.አ. በ2014 ለማይክሮሶፍት አስረክቦ ከዘርፉ ወጥቷል። የገበያ ስፋትና የስም ታላቅነት ብቻቸውን ዘላቂ ዋስትና እንደማይሆኑ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የአንድ የውጭ ኩባንያ መሳካት በራሱ የአገር መሳካት እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። ስለሆነም መገጣጠም ማለት ምን እንደሆነ በግልጽ መመልከቱ ተገቢ ይሆናል።

በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ መገጣጠሚያ ስክሪኑን፣ ባትሪውን፣ ሽፋኑንና ዋናውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተሠርተው ካለቁ በኋላ ከውጭ ያስገባል። በአገር ውስጥ የሚሠራው አካላቱን አገናኝቶ መግጠም፣ ሶፍትዌር መጫን፣ ጥራቱን መፈተሽና ማሸግ ነው። ይህ ሥራ ለወጣቶች የሥራ ዕድል ይፈጥራል፤ የፋብሪካ ዲሲፕሊንና የጥራት ቁጥጥር ልምድም ያስገኛል። ከስልኩ ጠቅላላ ዋጋ ውስጥ በአገር ውስጥ የሚቀረው ድርሻ ግን አነስተኛ ነው።

ቀጣዩ ደረጃ ማሸጊያውን፣ ቻርጀሩን፣ የጆሮ ማዳመጫውንና የፕላስቲክ ሽፋኑን በአገር ውስጥ ማምረት ነው። ሦስተኛው ደረጃ ጥቃቅኖቹን የኤሌክትሮኒክስ አካላት በሰሌዳው ላይ በማሽን መትከልንና መበየድን የሚጠይቅ ሲሆን ለዚህም ከፍ ያለ ካፒታል፣ የማይቆራረጥ ኃይልና የሠለጠነ ቴክኒሺያን ያስፈልጋል። አራተኛውና የመጨረሻው ደረጃ ንድፍና ሶፍትዌር ነው። ከፍተኛው ትርፍ የሚገኘውም በዚሁ ደረጃ ነው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ዓመታት የሚወስድ በመሆኑ ትዕግሥቱ አስፈላጊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ አንጻር የደቡብ ኮሪያ ተሞክሮ ሊጤን የሚገባው ነው። ዛሬ ኤል ጂ በመባል የሚታወቀው ኩባንያ ጎልድስታር ይባል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያውን ኮሪያ ሠራሽ ሬዲዮ ለገበያ አቀረበ። አገሪቱ ከጦርነት ከወጣች ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። ሸማቹ በኮንትሮባንድ የሚገባውን የውጭ ሬዲዮ ይመርጥ ስለነበር የአገር ውስጡ ሬዲዮ ገዥ አጥቶ ፋብሪካው አጣብቂኝ ውስጥ ገባ።

ሁኔታው የተለወጠው እ.ኤ.አ. ከ1961 በኋላ መንግሥት በኮንትሮባንድ ዕቃ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ሲያደርግና ሬዲዮን ለገጠርና ለዓሣ አጥማጅ መንደሮች የማዳረስ ዘመቻ ሲያካሂድ ነበር። ገጠሩ መረጃ አገኘ፤ ፋብሪካውም ገበያ አገኘ። ኩባንያው በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ እ.ኤ.አ. በ1966 የኮሪያን የመጀመሪያ ቴሌቪዥን ለማምረት በቅቷል። ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ነጥብ የአምራቹ ትዕግሥት ብቻውን በቂ እንዳልነበረና የመንግሥት ቁጥጥርና የገጠሩ ገበያ ሲታከሉበት ውጤት ማስገኘቱ ነው።

ሁለተኛው ተሞክሮ የቬትናም ነው። ሳምሰንግ በዚያች አገር በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ለአገር ውስጥ ገበያ ቴሌቪዥን በመገጣጠም ጀመረ። በባክ ኒን ክፍለ ሀገር የስልክ ፋብሪካ ለመትከል ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን ምርት የጀመረው በተከታዩ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ቬትናም ከዓለም ዋና ዋና የስልክ ላኪዎች አንዷ ሆናለች። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በሃኖይ የምርምርና ልማት ማዕከል ከፍቷል። ከቴሌቪዥን መገጣጠም እስከ ምርምር ማዕከል ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ወስዷል።

የኤሌክትሮኒክስ አምራች ከሚያውቀው ምርት ተነሥቶ ወደማያውቀው ሲሸጋገር ትዕግሥት የሚጠይቀው ከአምራቹ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን ከሚያወጣውም ባለአክሲዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሼንዘን ተመሥርቶ ለሞባይል ስልክ ባትሪ በማምረት የታወቀው ቢ ዋይ ዲ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ አነስተኛ የመኪና ፋብሪካ ሲገዛ ብዙዎች ውሳኔውን አልወደዱትም ነበር። በዋረን ቡፌት የሚመራው በርክሻየር ሃታዌይ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 230 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በኩባንያው ላይ አውሎ አክሲዮኑን መሸጥ የጀመረው ከ14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነበር። በእነዚያ ዓመታት የአክሲዮኑ ዋጋ ብዙ ጊዜ ወጥቷል፤ ብዙ ጊዜም ወርዷል። ሳይናወጥ የቆየው ባለገንዘብ ግን ካወጣው ገንዘብ ብዙ እጥፍ አግኝቷል።

ትዕግሥት ገደብ እንዳለውም አይካድም። ሬዲዮ በማምረት የጀመረው ኤል ጂ በስማርት ስልክ ዘርፍ ለስድስት ዓመት ገደማ በተከታታይ ከከሰረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 የስልክ ሥራውን እንደሚያቆም አስታውቋል። ኩባንያው ገንዘብም ሆነ ቴክኖሎጂ አላጣም፤ በዚያ ገበያ ከሌሎች የሚለይበት ነገር ግን አልነበረውም። ተጨማሪ ዓመታት መታገሡ ኪሳራውን ከማብዛት በቀር ጥቅም እንደሌለው ሲረዳ አቅሙን ወደ ሌሎች ምርቶች አዛወረ። ትዕግሥትን ከግትርነት የሚለየው በየጊዜው ውጤትን መዝኖ ለመወሰን መቻል ነው።

የትዕግሥት ኢንቨስትመንት ከውጭ ብቻ የሚመጣ ልምድ ተደርጎ መወሰድም የለበትም። ለጎረቤላ ነዋሪ በቅርብ የሚታየው ምሳሌ በደብረ ብርሃን ይገኛል። ሐበሻ ቢራ አክሲዮን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ሲቋቋም አክሲዮኑን የገዙት ከ8 ሺህ በላይ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በአነስተኛ ቁጠባ የተሳተፉ ናቸው። ፋብሪካው በደብረ ብርሃን ተተክሎ ምርቱ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ባለአክሲዮኖቹ በእጃቸው የነበረው የምስክር ወረቀትና ተስፋ ብቻ ነበር። የኔዘርላንዱ ባቫሪያ በሽርክና ሲገባም ካፒታልና የሙያ ልምድ ታክሎበታል።

ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ለቢራ ፋብሪካ ስድስት ዓመት መታገሥ ከቻሉ ለኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የማይታገሡበት ምክንያት የለም። እስካሁን የተጓደለው ታማኝ አዘጋጅ፣ ግልጽ የሒሳብ አያያዝና አክሲዮንን በሕጋዊ መንገድ መሸጥና መግዛት የሚያስችል ሥርዓት ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ይህን ክፍተት ለመሙላት ዕድል ይሰጣል። አክሲዮኑን ሲፈልግ ሸጦ መውጣት እንደሚችል የሚያውቅ ቆጣቢ ለረጅም ጊዜ ለመቆየት የበለጠ ይደፍራልና።

የአንኮበር ምድር ራሱ ለዚህ ጉዳይ ታሪካዊ ምስክር ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ አንኮበር መጥቶ በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ዘንድ አገልግሎት ጀመረ። ከባሕር እስከ መሐል አገር የሚደርስ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋቱ ሐሳብም በእርሱና በንጉሡ መካከል ለብዙ ዓመታት ሲመከርበት ቆየ። ፈቃዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ኢልግ ይህን ሳያይ ከአንድ ዓመት በፊት አርፏል። ሥራው ግን ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የአገሪቱን ንግድ አገልግሏል።

ወደ ዛሬው ጉዳይ ስንመለስ፣ በኤሌክትሮኒክስ ዘርፍ የባለሀብቱ ትዕግሥት ፍሬ እንዲሰጥ ከመንግሥት የሚጠበቀው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የመጀመሪያው መልስ የሕግና የአሠራር መረጋጋት ነው።

ተበትኖ ለሚገባ አካል ከተገጣጠመው ዕቃ ያነሰ ቀረጥ እንዲከፈልበት ማድረግ ገጣጣሚውን የሚያበረታታ የታወቀ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ማበረታቻው የሚሠራው ስልኩ በኮንትሮባንድ ያለ ቀረጥ የማይገባ ከሆነ ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ያልተመዘገቡና አስመስለው የተሠሩ ስልኮች በኔትወርኩ እንዳይሠሩ የሚያደርግ የምዝገባ ሥርዓት መተግበሩ ይታወሳል። ዓላማው ለአገር ውስጥ ገጣጣሚዎች የሚበጅ ነበር፤ አሠራሩ ግን በወጥነት አልዘለቀም። ለዐሥር ዓመት አስቦ ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት የሚፈራው ከባድ ሕግን ሳይሆን ዛሬ ተተግብሮ ነገ የሚቀር ሕግን ነው።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው። ገጣጣሚ ፋብሪካ አካላቱን የሚገዛው በዶላር በመሆኑ ምንዛሪ በወቅቱ ካላገኘ ማሽኑ ይቆማል፤ ሠራተኛውም ይበተናል። የብር የምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ምንዛሪ የማግኛውን መንገድ የቀየረ ሲሆን፣ በአንጻሩ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የብር ዋጋ እንዲንር ምክንያት ሆኗል። የዋጋው ጭማሪ በመጨረሻ የሚያርፈው በጎረቤላው ገዥ ላይ ነው። በአገር ውስጥ የሚመረተው ድርሻ በጨመረ ቁጥር ይህ ጫና እየቀነሰ ይሄዳል። ማሸጊያና ቻርጀር በአገር ውስጥ የማምረቱ ጉዳይ ትርጉም የሚያገኘውም ከዚህ አንጻር ነው።

ሦስተኛው ትዕግሥትን በጊዜ ሰሌዳ ማሰር ነው። ለገጣጣሚ የሚሰጠው የቀረጥና የግብር ማበረታቻ መነሻና መድረሻ ሊኖረው ይገባል። በስንተኛው ዓመት የትኛው አካል በአገር ውስጥ እንደሚመረት፣ ስንት ቴክኒሺያን እንደሚሠለጥን፣ የጥገና አገልግሎቱ እስከ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ተስማምቶ በየዓመቱ መከታተል ያስፈልጋል። ደረጃውን የጠበቀ ማበረታቻው ይቀጥልለታል፤ ያልጠበቀ ይቀነስበታል። መለኪያ የሌለው ማበረታቻ ገጣጣሚውን ለዘለዓለም በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያስቀረዋል።

አራተኛው የቴሌኮም መሠረተ ልማት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ፈቃድ ካገኘ በኋላ አገልግሎቱን በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደሚከስር ባለአክሲዮኖቹ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ሁለተኛ አገልግሎት ሰጪ መግባቱ ለስልክ ገበያውም ለውጥ አምጥቷል። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቀድሞ ተፈላጊ የነበረው ባለ ሁለት ሲም ስልክ በእኛ አገር ሙሉ ጥቅሙን ማግኘት የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው። ኔትወርክ ባልደረሰበት ቀበሌ ስማርት ስልክ ካሜራና መብራት ከመሆን አያልፍምና የአንቴናው መስፋፋትና የስልኩ ምርት ተያይዘው መታቀድ ይኖርባቸዋል።

ከሁሉም በላይ ሰላም መሠረታዊ ነው። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የተከሰተው የጸጥታ ችግር በትራንስፖርት፣ በኢንተርኔት አገልግሎትና በኢንቨስትመንት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ግልጽ ነው። የዐሥር ዓመት ዕቅድ የያዘ ባለሀብት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጥ አይመጣም። የመጣውም አይቆይም።

በዞንና በወረዳ ደረጃ ያሉ አመራሮችና ባለሙያዎች ጉዳዩን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሥራ አድርገው ሊመለከቱት አይገባም። ጎረቤላን በመሰለች ከተማ የስልክ ፋብሪካ መትከል አይታሰብ ይሆናል። ነገር ግን የኤሌክትሮኒክስ ሙያ የሚጀምረው ከጥገና ነው። በየከተማው የሞባይል ጥገና ሱቅ ከፍተው ስክሪን የሚቀይሩ፣ የቻርጀር መሰኪያ የሚበይዱ ወጣቶች ለኢንዱስትሪው የመጀመሪያዎቹ ቴክኒሺያኖች ናቸው። እነዚህን ወጣቶች በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ማብቃት፣ የብቃት ምዘና እንዲወስዱ ማድረግና ከአምራቾቹ የጥገና ማዕከላት ጋር ማስተሳሰር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በዚሁ በሰሜን ሸዋ ዞን ለዚህ አብነት የሚሆን ሥራ ተሠርቷል። በሬማ የገጠር ቀበሌ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከ2 ሺህ በላይ በሚሆኑ ቤቶች አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ሲያስገባ፣ በቀበሌው የቴክኒሺያን ማሠልጠኛም አቋቁሟል። የድርጅቱ አካሄድ መሣሪያውን አድሎ መሄድ ሳይሆን መሣሪያውን የሚጠግን ባለሙያ በቦታው ማፍራት ነበር። ጠጋኝ በአቅራቢያው የሌለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ርካሽ ቢሆንም እንኳ ውድ ነውና።

የክፍያ ሁኔታም ሌላው ጉዳይ ነው። የአርሶ አደሩ ገቢ የሚገኘው በአዝመራ ወቅትና ከብት በሚሸጥበት ጊዜ በመሆኑ የስማርት ስልክን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል ያዳግተዋል። የቴሌኮም ድርጅቶች፣ የብድርና ቁጠባ ተቋማትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከገጣጣሚዎች ጋር ተቀናጅተው ክፍያው ከአዝመራ ጋር የተመጣጠነ የብድር ሽያጭ ቢያዘጋጁ ሸማቹም፣ አምራቹም፣ አገልግሎቱን ዲጂታል ያደረገው መሥሪያ ቤትም ይጠቀማሉ። ይህ ከአምራቹና ከመንግሥት ትዕግሥት ጎን ለጎን ለሸማቹም ጊዜ የሚሰጥ አሠራር ይሆናል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የገዥነት ሚናም ቀላል አይደለም። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ኤክስቴንሽንና ለግብርና ባለሙያዎች የሚገዙ ታብሌቶችና ስልኮች በአገር ውስጥ ከሚገጣጠሙት እንዲሆኑ ማድረግ ለአምራቹ የተረጋገጠ ገበያ ይፈጥራል። በዚህ ረገድ ግን ጥራት ተዘንግቶ «የአገር ውስጥ ነው» በሚል ብቻ የሚፈጸም ግዥ ዘርፉን ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳዋል። በመስክ ላይ በሦስት ወር የሚበላሽ ታብሌት የተረከበ ባለሙያ በአገር ውስጥ ምርት ላይ ያለው እምነት በቀላሉ አይመለስም።

ይህ ሁሉ ከስልክ ባሻገርም ይሠራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ መገጣጠም አዲስ የኢንቨስትመንት መስክ ሆኗል። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የፀሐይ ኃይል መሣሪያና ባትሪም በተመሳሳይ መንገድ ላይ ናቸው። በስልክ መገጣጠም ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተገኘው ልምድ በሥርዓት ተጽፎና ተመርምሮ ካልተላለፈ እነዚህ አዳዲስ ዘርፎችም የመጀመሪያውን ደረጃ እንደገና ከመጀመር አያመልጡም።

በአጠቃላይ ከላይ የተጠቀሱት ተሞክሮዎች የሚያመለክቱት አዲስ የሸማች ምርት ገበያ የሚለማው ባለሀብቱ የአነስተኛውን ገዥ ችግር ለማወቅ ጊዜ ሲሰጥ፣ መንግሥት ያወጣውን ሕግ ሳያወላውል ሲያስከብርና ሁለቱም በየዓመቱ ምን ያህል ደረጃ እንደወጡ ሲጠያየቁ መሆኑን ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ትዕግሥቱ ወይ ኪሳራ ይሆናል፤ ወይ የማይነቃነቅ ጥገኝነት ይሆናል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ለመዘግየት ምክንያት ሲሰጥበት ይሰማል። እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ግን ሙቀቱ በየዕለቱ ሳይቋረጥ ሲደርሰው ነው። ሙቀቱ ከተቋረጠ የፈለገውን ያህል ቀን ቢጠበቅ ጫጩት አይሆንም። በኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪውም የተረጋጋ ሕግ፣ የሠለጠነ ባለሙያና የማያቋርጥ ክትትል እስካልተጓደሉ ድረስ ለጎረቤላ ገበያ የሚበቃውን ስልክ በአገር ውስጥ ብቻ ገጥሞ ሳይሆን ሠርቶ ማቅረብ የሚቻልበት ጊዜ ሩቅ አይሆንም። ለዚህም በየደረጃው ያለ አስፈጻሚ አካል ድርሻውን ከወዲሁ ለይቶ ሊንቀሳቀስ ይገባል።